«ሀገር ትጠራችኋለች» ሲባል ጠሪው የቆመው የት ነው?

ዛሬ ትንሽ ይረዝምብኛል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፣ የቸኮለ ለማታ ያቆየው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን እሱም የልጆች አባት ሆኗል። የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፊቷ ግን በርቶ ነበር አለኝ። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ በሰልፍ ላይ ንግግር አድርጎላቸው ኖሯል። «አባዬ፣ ሀገር የምትጠብቀው እኮ እኛን ነው!» እያለች ነው የገባችው። ማታ ደብተሯን ስትገልጥ አላያትም። ቢጠይቃት «ትምህርቱ ይደርሳል» አለችው። «ጋሼ፣ ምን ልበላት? ንግግሩን ባጣጥልባት ልቧን እሰብራለሁ፤ ዝም ብላትም ፈራሁ» ይላል መልእክቱ።

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ከብዶኝ ብቻ አይደለም፤ እኔንም ስለሚነካ ነው። ለምን እንደሚነካኝ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። እድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ አውርቻለሁ። መሪ በተማሪ ፊት ቆሞ ሲናገር ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሰጥቼ አላስተማርኩም። እንግዲህ ያንን ያላስተማርኩትን ክፍለ ጊዜ ዛሬ ልካሰው። ሦስት ድምፆችን እናያለን፦ የአባት፣ የጓድ እና የጦር አዛዥ።

*

ከጃንሆይ ልጀምር።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ በኋላ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ትምህርት ቤት ይጎበኙ ነበር፣ ለገና ለተማሪ ስጦታ ያድሉ ነበር፣ ለተመራቂ ዲፕሎማውን በእጃቸው ይሰጡ ነበር። ያ ትውልድ ዛሬም ሲያወራው ዓይኑ ይበራል። በንግግራቸው ራሳቸውን «እኛ» ይላሉ፣ ተማሪውን ደግሞ ልጅ ያደርጉታል። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች። ልጅ ከሆንክ ግን የምትሰማው መሪን አይደለም፣ አባትን ነው። አባት ደግሞ ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም።

ይህ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው 1953ንና 1954ን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል እያሉ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ብዙዎቹ እዚያው ተገደሉ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954፣ ንጉሡ ያንኑ ቤተ መንግሥት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ማለት ነው።

እስኪ ራሳችሁን በዚያን ጊዜ ተማሪ ቦታ አስቀምጡት። አምና የተሰለፍክባቸው ሰው ዘንድሮ ቤታቸውን ለቀው ሰጡህ። ምን ትላለህ? እጅ ነስተህ ከመቀበል ሌላ ምን አማራጭ አለህ? ስጦታው ራሱ ከየትኛውም ንግግር በላይ ንግግር ነበር። አባት ቤቱን ሲያወርስ ልጅ «ይህ ሁሉ ከየት የመጣ ሀብት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅ ምስጋና ቢስ ይባላል። የአባት ድምፅ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ውለታ ያስቆጥርሃል፣ ጥያቄህንም ወደ ነውር ይለውጥብሃል።

እንዳልበድላቸው ይህን ልጨምር። ስጦታው የውሸት አልነበረም። ከዚያ ግቢ ሐኪም ወጥቷል፣ ዳኛ ወጥቷል፣ እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች ወጥተዋል። ጥሩ ንግግር ሁሉ ውስጡ እውነት አለው። ውሸት ብቻ ቢሆንማ ማን ያለቅስለታል?

ልጆቹ ግን ጠየቁ። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክቡር ዘበኛ ወታደር ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኮሰ። ያው በስጦታ የተሰጠው ግቢ ነው። የአባትነቱ ወሰን እስከምን ድረስ እንደሆነ ያን ቀን ታየ።

*

አሁን ወደ እኛው አገር ልመልሳችሁ፣ ወደ ጎጃም። ቀጥሎ የማወራው ንግግር አዲስ አበባ ተነግሮ እኛ ደጃፍ ድረስ የመጣ ስለሆነ፣ የእኛ ሰው ንግግር እንዴት እንደሚሰማ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። በወረቀቱ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ያመረተ ባመረተው ልክ ይክፈል ይላል። የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ግን ከአዋጁ ጀርባ ሌላ ነገር ሰማ። «ዛሬ ምርትህን የገመተ ነገ መሬትህን ይለካል፤ የተለካ ርስት ደግሞ የአንተ አይደለም» ብሎ ተረጎመው። እምቢ አለ፣ ጫካ ገባ። ጦር ተላከበት፣ በአውሮፕላን ተደበደበ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ የግብር ውዝፉም ተማረ።

ይህ ገበሬ ፊደል የቆጠረ አልነበረም። ግን የሚኖረው በቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ቢቸና ጎን ነው፣ ደብረ ኤልያስ ለእኛ ለአማኑኤል ጎረቤት ነው። ቅኔ ቤት ያልገባው እንኳ ሰው ሲናገር «ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁስ?» ማለትን ከአየሩ ይማራል። ቅኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ተማሪው ቆሞ ቅኔውን ሲያቀርብ ጓደኞቹም የኔታም ይሞግቱታል፣ ያርሙታል። ሳይፈታ የሚጨበጨብለት ቅኔ የለም። አባቶቻችን የመንግሥትን ቃል የሚሰሙት በዚህ ጆሮ ነበር። አንዳንዴ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፣ ያልታሰበውንም ተጠራጥረው ሊሆን ይችላል። ግን ፈትተው ነበር የሚሰሙት።

*

ሁለተኛው ድምፅ የጓድ ድምፅ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሦስት ወር አለፍ ሲል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን፣ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በጃን ሜዳ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ተዘጉ። ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ካኪ ለብሶ ወደ ገጠር ወረደ።

በዚያ ዘመን ለወጣቱ ይነገረው የነበረውን ሐሳብ ሳጠቃልለው እንዲህ ይመስላል። እናንተ የተማራችሁት በጭቁኑ ገበሬ ላብ ነው። ገበሬው በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። የለውጡ ፋና ወጊዎች እናንተ ናችሁ፤ የጠየቃችሁትን መሬት ለአራሹን እንሆ እናንተው አድርሱለት። (ቃል በቃል እየጠቀስኩ አይደለም፤ መንፈሱን ነው የምነግራችሁ።)

ልብ በሉ፣ «ልጆቼ» ቀረ። ተማሪው አሁን ልጅ አይደለም፣ ፋና ወጊ ነው። ውለታው ግን አልቀረም፣ ባለዕዳው ብቻ ተቀየረ። ትናንት ለንጉሡ ነበር ያለብህ፣ ዛሬ ለሰፊው ሕዝብ ነው። የዚህ ዕዳ ክፋቱ ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ራሱ መጥቶ «ከፍለሃል፣ ይበቃሃል» ሊልህ አለመቻሉ ነው። በስሙ የሚናገረው መድረኩን የያዘው ሰው ነው።

ንግግሩ ያልተናገረው ነገርም ነበር። ብዙ ተማሪዎች «ወታደሩ ከከተማ ሊያርቀን ነው፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይመሥረት እንዳንለው ነው» ብለው ጠርጥረው ነበር። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል እንደማይችልም ተነግሯቸዋል። እንግዲህ ጥሪም ነው፣ ትእዛዝም ነው። በሰሙ ጥሪ፣ በወርቁ ትእዛዝ።

እኔ በዚያ ዓመት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አማኑኤል። ዘማቾቹ ሲመጡ ከብት ጥለን ሮጠን ነበር የተቀበልናቸው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ከእነሱ አንዷ ናት። የሸራ ጫማ ታደርግ ነበር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይውጣት ነበር፣ አንድ ቀን ግን ቀርታ አታውቅም። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሷ እጄን ይዛ «ሀ» ብላ ስላስጻፈችኝ ነው። ስለዚህ ዘመቻውን ማንም እንዲያላግጥበት አልፈልግም።

አንድ ማታ እኛ ቤት መጥታ ለአባቴ ስትነግረው ትዝ ይለኛል። የካቲት 25 የወጣው የመሬት አዋጅ ትኩስ ነበር።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እኮ መሬት ለአራሹ ሆነ!» አለችው ደስ ብሏት።

አባቴ ጠላውን አስቀመጠና «እሰይ ልጄ። እስከ ዛሬስ ማን ሲያርሰው ነበር?» አላት።

ዝም አለች። እኔ ያኔ አባቴ የቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ቀልድ አልነበረም። የደቡቡ ጭሰኛ ለባላባት እኩሌታ ምርቱን ሲገብር ኖሯልና «መሬት ለአራሹ» ለእሱ የነፃነት ቃል ነበር። የእኛ አካባቢ ባለርስት ግን መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የራሱ ነው። ርስት ያልነበረው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ሌላ መልስ ይሰጣት ነበር፤ እሱም ሰው ነውና ማስታወስ አለብን። ንግግሩ ግን ለሁሉም አንድ ገበሬ ብቻ ሥሎ ነበር የላካት። ጃን ሜዳ ላይ የተሣለው ገበሬ አማኑኤል ሲደርስ አልተገኘም።

የሚገርመኝ የልጅቷ ሁኔታ ነው። አልተቆጣችም። «አድኃሪ» አላለችውም። በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣችና ርስት ማለት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ማን እንደሚቀርበት አባቴን ስትጠይቀው ዋለች። ከንግግሩ ወጥታ ወደ ሰውየው መጣች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምሁር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያደረገ ግን ጥቂት ነው።

መጨረሻዋን አላውቅም። የትውልዷን መጨረሻ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በ1967 ፋና ወጊ ተብሎ ከተሸኘው ወጣት ስንቱ በ1969ና በ1970 በቀይ ሽብር በየመንገዱ ወድቆ አደረ! የሰጡህን ስም መልሰው መውሰድም ይችላሉ። ዛሬ ፋና ወጊ ያለህ አፍ ነገ ፀረ ሕዝብ ይልሃል። ሰውየው ያው ነው፣ መድረኩም ያው ነው።

*

ሦስተኛው ድምፅ የጦር አዛዡ ነው። እዚህ ላይ ነው የጽሑፌ ርእስ የተወለደው።

በየካቲት 1983 ጎንደርና ጎጃም ከደርግ እጅ ወጡ። መንግሥት እየተዳከመ፣ ግንባሩ ወደ መሐል እየቀረበ መጣ። በዚያ ጊዜ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቀራቸውን ጥሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አዞሩት። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በስብሰባ ይነገር የነበረው ጉዳይ አንድ ነው፤ ሀገር ልትፈርስ ነው፣ ጊዜ የለም፣ የመጨረሻው ተስፋ የተማረው ወጣት ነው። «እስከ አንድ ሰው፣ እስከ አንድ ጥይት» የሚለው መፈክር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ። ተማሪዎቹ በደቡብ ወደሚገኘው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ።

በዚህ ድምፅ ውስጥ ውለታ እንኳ የለም፣ ለውለታ ጊዜ የለማ። ያለችው እናት ናት። ሀገር እናት ሆና ትቀርባለች፣ እናትህ ልትገደል ነው ትባላለህ። እናቱ ስትጮህ ቆሞ «እስኪ ነገሩን ላጣራ» የሚል ልጅ አለ? የለም። ንግግሩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ እንዳታጣራ። ከጎጃምና ከጎንደር የሄደው ተማሪ ደግሞ የወለደችው እናቱ ያለችው ከግንባሩ ወዲያ ማዶ ነው። የምትጠራው እናትና የወለደችው እናት በሁለት ወገን ቆመውበታል። ይህን የሚመልስለት አንድ ዓረፍተ ነገር በንግግሩ ውስጥ አልነበረም።

ብዙዎቹ ተገድደው ብቻ አልሄዱም። ከልባቸው አምነው የሄዱ ነበሩ። አሁን ዞር ብሎ «ሞኞች» ማለት ቀላል ነው፤ ግን በሃያ ዓመት እድሜ ሀገር ልትፈርስ ነው ሲባል መነሳት ሞኝነት አይደለም። ጥፋቱ በልጁ ላይ አይደለም።

ከዚያስ? ግንቦት 13 ቀን 1983 ፕሬዚዳንቱ ወደ ደቡብ ለጉብኝት የሚሄዱ መስለው አውሮፕላን ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ፣ ከዚያም ወደ ሐራሬ። በሳምንቱ፣ ግንቦት 20፣ አዲስ አበባ ተያዘች። ብላቴ የነበሩት ልጆች አዛዥ የሌለው ሠልጣኝ ሆኑ። ከፊሉ ወደ መሐል አገር ተመለሰ፣ ከፊሉ በሞያሌ በኩል በእግሩ ወደ ኬንያ ተሰደደ። እስከ መጨረሻው ቁሙ ያለው ሰው ከእነሱ ቀድሞ ኬንያ ደርሶ፣ አልፎ ሄዷል።

እኔ የማውቀው የዚህ ዓይነት ንግግር ትርጉም ከዚህ በላይ የተፈታበት ቀን የለም።

*

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከላይ «እኔንም ይነካኛል» ያልኩት ይህን ነው።

በ1982 ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የት እንደነበርኩ ይቅርብኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሸኙ ንግግር አድርግ ተባልኩ። ወጣት ነኝ፣ ድምፄ ጥሩ ነው፣ ማስታወሻ ሳልይዝ ነው የምናገረው፣ ሲጨበጨብልኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ተናገርኩ። አብዛኛው ጠፍቶብኛል። አንዷ ግን አልጠፋችም፤ «ሀገር ስትጠራችሁ አቤት በሉ፤ ጠሪው ማነው ብላችሁ አትዘግዩ!» አልኩ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር። እኔም ቤቴ ስገባ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ፣ በዚያው ክረምት ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እያለ ነው የ1983 ነገር የመጣው። ብላቴ ሄደ። ከብላቴ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ስንት ዓመት ስደት ካምፕ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ። እናቱ ሞቷል ብላ ተዝካሩን አውጥታለታለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥየቃ ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ተገናኘን። ፀጉሩ ገብቷል፣ ከእኔ በላይ አርጅቷል። ቡና እየጠጣን ሳቅን፣ የድሮውን ተጫወትን። ሊሄድ ሲነሳ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እጅ አውጡ ሲሉን የእርስዎ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው። ‹ጠሪው ማነው አትበሉ› ያሉት። ያን ጊዜ ከልብዎ ያምኑበት ነበር?»

ምን ልበለው? «አላምንበትም ነበር» ብለው ዋሽቼ ላክሁት ማለት ነው። «አምንበት ነበር» ብለው ደግሞ ሙሉ እውነት አይሆንም። እውነቱ ሌላ ነው፤ አልጠየቅሁም። አምናለሁ ወይ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር፣ ጭብጨባ እንደሚያመጣ አውቅ ነበር፣ አልኩት። ይህንኑ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ይሁን ጋሼ፣ ቢያንስ መለሱልኝ» ብሎ ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በተማሪ ሰልፍ ፊት ንግግር አድርግ ሲሉኝ ሆዴን ይቆርጠኛል። መሪው አንዴ ይናገራል፣ ይሄዳል። ንግግሩን ወደ ልጁ ጆሮ የምናደርሰው ግን እኛ ነን፤ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ አባት፣ እናት። መሪው ልጁን አያውቀውም። እኛ እናውቀዋለን፣ ልጁም እኛን ያምናል። እኛ ሳንፈታ ያቀበልነው ቃል ነው ሰው የሚወስደው።

*

እንግዲህ ለተማሪዬ ለዚያች ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ አባት የጻፍኩለት ይህን ነው። ለእናንተም ይሁን።

ንግግሩን አታጣጥልባት። ያለቀሰችው ሀገሯን ስለምትወድ ነው፤ ያ እንባ ንጹሕ ነው፣ አትንካባት። ዝምም አትበላት። አብራችሁ ተቀመጡና ንግግሩን እንደ ቅኔ ፍቱት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

አንደኛ፣ ምን ብሎ ጠራሽ? ልጄ? ፋና ወጊ? የመጨረሻ ተስፋ? ከእድሜሽ የሚበልጥ ስም ሲሰጥሽ ከስሙ ጋር ምን ዓይነት ዕዳ ተያይዞ መጣ? ስሙን የሰጠሽ ሰው መልሶ ሊነጥቅሽ ይችላል ወይ?

ሁለተኛ፣ የሌለው ሰው ማነው? በንግግሩ ውስጥ ስሙ የተጠራ፣ እሱ ግን አፍ ያልተሰጠው ሰው አለ። ገበሬው፣ እናት፣ ሕዝቡ፣ ጠላት የተባለውም ቢሆን። ያንን ሰው ሄደሽ ብትጠይቂው ምን ይልሻል? «እስከ ዛሬስ ማን ሲያርሰው ነበር?» ቢልሽስ?

ሦስተኛና ዋናው፣ ተናጋሪው የራሱን ምን አስቀመጠ? አንቺን ያንቺን ጊዜ፣ ያንቺን ደብተር፣ ያንቺን እድሜ እየጠየቀሽ ነው። እሱ ምን ይዞ ቀረበ? የእሱ ልጅ የት ነው የምትማረው? ነገሩ ቢበላሽ የሚቆየው እዚህ ነው ወይስ የሚሳፈርበት አለው? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥያቄው የሚያስቆጣው ተናጋሪ ካለ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

በዚህ ጥያቄ ፈትተው የሚያልፉ ንግግሮችም አሉ። ሁሉም መሪ አታላይ ነው እያልኩ አይደለም። ሁሉን የሚጠራጠር ልጅ ማሳደግም ሌላ ጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ እውነተኛ ጥሪ ሲመጣም አይነሳም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ዘማች ንግግሩን ሰምታ ነው የመጣችው፣ ጥሩም አደረገች። ግን ሰሙን ይዛ አልቀረችም። ደብተሯን ይዛ አባቴን ጠየቀች። እኔ ልጆቻችን እንደሷ እንዲሆኑ ነው የምመኘው።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢያችን ምን ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። ደጃቸው የተዘጋ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ዓመታት የባከኑባቸው ልጆች አሉ። ወጣቱን «አንተ ነህ ተስፋችን» ብሎ የማይጠራ ወገን የለም። ማን ልክ ነው፣ ማን ተሳሳተ የሚለውን ዛሬ እዚህ አላነሣም፤ ከእናንተ ጋር እንዲህ በጽሑፍ የምጨቃጨቅበት እድሜ ላይም አይደለሁም። ግን ከየትኛውም በኩል ጥሪ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ጠሪው የት እንደቆመ እዩ። እኔ በ1982 አትዩ ብያችሁ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ያን ቀን በሰልፉ ላይ የነበራችሁ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ያን ዓረፍተ ነገር መልሱልኝ። በምትኩ ይህን ውሰዱ፦ ሀገር ስትጠራችሁ አቤት በሉ፤ አቤት ብላችሁ ግን «ማነህ?» በሉ።

የተማሪዬ ልጅ ትናንት ማታ ምን እንዳለች አባቷ ጻፈልኝ። ሦስቱን ጥያቄ አንብባ ሲያበቃ «ለእርስዎስ ጋሼ፣ ለእርስዎ ጽሑፍስ መጠየቅ ይቻላል?» ብላለች። ይቻላል ልጄ። ከእኔው ጀምሪ።

እናንተም ያኔ በጃን ሜዳም፣ በብላቴም፣ በየሰልፉም የሰማችሁትን የምታስታውሱ ከታች ጻፉልኝ። ስም መጥራት አያስፈልግም። መልካም ሰንበት።